ጥራት በፊርማ ወረቀት ይረጋገጣል?

በከተማችን መሥሪያ ቤቶች እንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ በመስታወት ተከቦ የተሰቀለ የአይኤስኦ 9001 የምስክር ወረቀት ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ወረቀቱ ከመሰቀሉ በፊት የማይቀር አንድ ሥነ ሥርዓት አለ። ሠራተኛው አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል፤ አማካሪው ፓወር ፖይንቱን ይከፍታል፤ ሻይና ብስኩት ይቀርባል፤ የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይፈረምበታል። ይህ «የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና» ይባላል። ከዚያ ወዲያ ግንዛቤው እንደ ተጨበጠ ይቆጠራል።

ለመሆኑ በዚያ ወረቀት ላይ የፈረመው ሠራተኛ በማግስቱ አንድ የተበላሸ ነገር ቢያይ ምን ያደርጋል? ይናገራል ወይስ እንዳላየ ሆኖ ያልፋል? የሚያልፍ ከሆነ ሥልጠናው የተሰጠው ለኦዲተሩ እንጂ ለጥራት አይደለም።

ደረጃው በርግጥ ምን ይጠይቃል?

አይኤስኦ 9001 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዕትም በንዑስ ክፍል 7.3 ስለ ግንዛቤ ይደነግጋል። ድንጋጌው አጭር ነው፤ የሕግ ጽሑፍ ማንበብ የለመደ ሰው ግን ሦስት ነገሮችን ልብ ይላል።

አንደኛ፣ ንዑስ ክፍሉ «ሥልጠና» የሚል ቃል የለውም። የሚጠይቀው ሰዎቹ ማወቃቸው እንዲረጋገጥ ነው። የሰነድ ማስረጃ ይያዝ የሚለው ግዴታ ያለው ከሱ በፊት ባለው፣ ስለ ብቃት በሚናገረው 7.2 ላይ ነው። የፊርማ ወረቀቱን የሙጥኝ ያልነው እኛው ነን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ቋሚ ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን «በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር ሥራ ስለሚሠሩ ሰዎች» ሁሉ ነው። በኤጀንሲ የተቀጠረው ጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ጭነት የሚያወርደው የቀን ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። አዳራሽ የሚጠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወንበርና ጠረጴዛ ያላቸው ናቸው።

ሦስተኛ፣ መታወቅ ያለባቸው ነገሮች አራት ናቸው፦ የጥራት ፖሊሲው፣ የጥራት ግቦቹ፣ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ለሥርዓቱ ያለው አስተዋጽኦ፣ እንዲሁም መሥፈርቱ ሳይከበር ሲቀር የሚከተለው ጣጣ። የእኛ ሥልጠና የመጀመሪያው ላይ ይንጠለጠላል። ኦዲተሩ ከመምጣቱ በፊት ሠራተኛው ፖሊሲውን እንደ ውዳሴ ማርያም ይሸመድዳል። አራተኛው፣ ማለትም «እኔ ይህን ብዘል ማን ይጎዳል?» የሚለው፣ እምብዛም አይነሳም።

ነጋሪት ተጎሰመ፤ ማን ሰማ?

በሕግ ዓለም አንድ የታወቀ መርሕ አለ። ሕግን አለማወቅ ከኃላፊነት አያድንም። ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ከታተመ በኋላ ሁሉም ሰው እንዳወቀው ይቆጠራል። ማንም ሁሉንም አዋጅ እንደማያነብ እናውቃለን፤ ሆኖም ይህ ግምት ባይኖር ፍርድ ቤት ሥራውን መሥራት አይችልም።

ብዙ ሥራ አስኪያጆች ይህንን ግምት ወደ መሥሪያ ቤታቸው አስገብተውታል። መመሪያው ተሰራጭቷል፣ ተፈርሞበታል፣ እንግዲህ ሠራተኛው አውቋል። ጥፋት ሲፈጠር ደግሞ ያው ፊርማ ሠራተኛውን ለመቅጣት ይመዘዛል። ይሁን እንጂ በግምት የሚጠብቅ ብሎን የለም። ጥራት የሚፈልገው በእውነት የሚያውቅ ሰው ነው።

የአራት ብሎኖች ጉዳይ

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2024 የአላስካ አየር መንገድ ንብረት የሆነ አዲስ ቦይንግ 737 ማክስ 9 አውሮፕላን ከፖርትላንድ ተነሥቶ ከፍታ እየጨመረ ሳለ ከጎኑ የበር መድፈኛው ተገንጥሎ ወደቀ። ደግነቱ የሞተ ሰው አልነበረም። ምርመራው መድፈኛውን የሚይዙት አራት ብሎኖች እንዳልነበሩ አሳየ። ፋብሪካው ውስጥ ሪቬት ለማደስ ተብሎ መድፈኛው ተከፍቶ ነበር፤ መከፈቱን የሚመዘግብ ሰነድ ግን አልተገኘም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ውሳኔውን ሲሰጥ ጣቱን የጠቆመው ብሎን በረሳ አንድ ሠራተኛ ላይ አልነበረም። ምክንያቱ ኩባንያው ሠራተኞቹ የዕቃ ማውለቅ ሥነ ሥርዓቱን በትክክል እንዲከተሉ በቂ ሥልጠና፣ መመሪያና ክትትል አለመስጠቱ ነው አለ። ሥነ ሥርዓቱ በወረቀት ላይ ነበር።

እኛ ኢትዮጵያውያን የዚህን ኩባንያ ስም በቀላሉ የምንሰማ ሰዎች አይደለንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ያለቁበት የበረራ ቁጥር 302 አደጋ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ከበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ከማክስ አደጋዎች በኋላ በወጣ ሕግ የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ስለ ደኅንነት ባህል የበላይ አመራሩ በሚያስበውና ከታች ያለው ሠራተኛ በሚያየው መካከል ሰፊ ክፍተት እንዳለ ገልጿል። ሥጋቱን የሚናገር ሠራተኛ ከበቀል መጠበቁም አጠያያቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ የቡናውን ጉዳይ እናገኛለን። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከእኛ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው መጠን በላይ የሆነ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ወደዚያች አገር የምንልከው ቡና ክፉኛ አሽቆለቆለ። በዋነኛነት የተጠረጠረው ቡናው የተጫነበት ጆንያ ነበር። ገበሬው ከደከመበት ፍሬ ጋር የማይነካካ፣ ማንም እንደ ቁም ነገር የማይቆጥረው ጆንያ! መጋዘን ውስጥ ጆንያ የሚያገላብጥ የቀን ሠራተኛ አንድ ጠረን የአንድ አገር ገበያ ሊያሳጣ እንደሚችል ቢያውቅ ኖሮ ብለን ብንጠይቅ ያስኬዳል።

ሠራተኛው ለምን ዝም ይላል?

ዝምታው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ዓመታት ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ ተከተለ፣ የዜጎች ቻርተር ተለጠፈ። ካይዘን በ2002 ዓ.ም. በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ላይ መሞከር ጀመረ፤ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። የካይዘን ነፍሱ ከታች ያለው ሠራተኛ የሚያቀርበው ሐሳብ ነው። በብዙ ቦታ ግን የቀረው በግድግዳ ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። ሠራተኛው ስንት ሥልጠና ወስዶ፣ ስንት ሐሳብ ጽፎ፣ መልስ ሳያገኝ ቀርቷል። ስለዚህ አዲሱንም «ይህም ያልፋል» ብሎ ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ብቻ ሊሰናበት እንደማይችል ይደነግጋል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋና ስለ ጥንቃቄው የማስገንዘብ ግዴታ አለበት። መልካም ነው። ነገር ግን «ይህ ዕቃ ከመሥፈርት በታች ነውና አይውጣ» ብሎ ለአለቃው የተናገረ ሠራተኛ ቅሬታ አቅራቢ አይደለም። ከሥራ ባይባረር እንኳ ዕድገት ሊቀርበት፣ ከክፍል ክፍል ሊወረወር ይችላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የድርጅቱ የራሱ ደንብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አሠልጣኞች «ኦዲተር ስለሚጠይቅ ነው» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ ፊርማው ይቅር አላልንም። ነገር ግን ሥልጠናው ከአዳራሽ ወጥቶ ሥራው ወዳለበት ይሂድ። ስለ ፖሊሲው ከሚነገረው ይልቅ ባለፈው ወር የተመለሰው ዕቃ ለምን እንደ ተመለሰ፣ ማን እንደ ተጎዳ፣ የት ላይ ሊያዝ ይችል እንደ ነበር በሠራተኛው ቋንቋ ይነገር። ጉድለት በጊዜ የጠቆመ እንደማይቀጣ በኅብረት ስምምነት ወይም በውስጥ ደንብ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ጥቆማም በቁርጥ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጥ።

ኦዲተሮችም ቢሆኑ «የጥራት ፖሊሲያችሁ ምን ይላል?» የሚለውን ጥያቄ ትተው ለጽዳት ሠራተኛዋ ሌላ ጥያቄ ያቅርቡላት፦ «በመጨረሻ የጠቆምሽው ጉድለት ምን ነበር? ከዚያስ ምን ተደረገ?» ለሁለተኛው መልስ ከሌላት፣ ግድግዳው ላይ ያለው ምስክር ወረቀት ስለ ጥራት የሚመሰክረው ጥቂት ነው።