ድምፁ የት ያልቃል?

ቤዝ ጊታር የሚማሩ ወጣቶች ሲያገኙኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ፔዳል ነው። የትኛው ኮምፕሬሰር ይሻላል? ኦክታቨር ልግዛ ወይስ ኮረስ? ባለ አምስት ክር ቤዝ የግድ ያስፈልገኛል? ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ የሚያወጡት ገንዘብም ቀላል አይደለም። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሙዚቃ ዕቃ ዋጋው አይቀመስም። አንዲት ፔዳል ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ እስክትመጣለት ወራት የሚጠብቅ ወጣት ብዙ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁም መልሴን የምጀምረው በሌላ ጥያቄ ነው። የምትመቱት ድምፅ የት እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ?

ጀማሪ የሚጨነቀው ድምፁ ስለሚጀምርበት ቦታ ነው። ከድራመሩ ጋር እኩል ከገባ፣ ካልቀደመና ካልዘገየ ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ቤዝ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ባለ አራት ክሩ ቤዝ ላይ ያለው ወፍራሙ ክር፣ ማለትም ኢ፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በእጅ ካላፈኑት ደግሞ ለብዙ ሰከንዶች መጮኹን ይቀጥላል። ይህ ዝቅተኛ ድምፅ ከድራመሩ የእግር ከበሮ ጋር አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ሳይዘጋ የተተወ የቤዝ ድምፅ የሚቀጥለውን የከበሮ ምት ይሸፍነዋል፣ የኪቦርዱን ግራ እጅ ያደፈርሰዋል፣ ዘፋኙንም እንዲጮኽ ያስገድደዋል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው አድማጭ «ሙዚቃው ይከብዳል» የሚለው ብዙ ጊዜ ከድምፁ ትልቀት የተነሣ ሳይሆን ማለቂያ ከማጣቱ የተነሣ ነው።

ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ በብሪጁ ላይ በሚደፋው ብረት ሽፋን ሥር ስፖንጅ ነበረበት። የስፖንጁ ሥራ ክሩን ማፈን ነው። በዲትሮይት በሞታውን ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ያን ስፖንጅ አላወጣም። ጊታሩ እ.ኤ.አ. የ1962 ፕሪሲዥን ነበር፤ ክሮቹ ገጻቸው ልሙጥ የሆኑ ወፋፍራም ክሮች ነበሩ፤ እስኪበጠሱ ድረስም አይቀይራቸውም ነበር። በቀኝ እጁ የሚመታው በአንድ ሌባ ጣት ሲሆን ገመዱ በቀጥታ ወደ ስቱዲዮው ሚክሰር ይገባ ነበር። አሮጌ ልሙጥ ክርና ስፖንጅ ተደምረው የሚሰጡት ውጤት አንድ ነው፤ ድምፁ ወፍሮ ይወጣል፣ ቶሎም ይሞታል። ጀመርሰን ያን ያህል ብዙ ኖታ እየተጫወተ ማንንም ያልሸፈነበትን ምክንያት እኔ የማየው እዚህ ላይ ነው። ማርቪን ጌይ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣውን «ዋትስ ጎይንግ ኦን» ያዳመጠ ሰው የምለውን ያውቀዋል።

ወደ እኛው ሙዚቃ ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠናል። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው «ቼ በለው» አልበም ላይ ቤዝ የተጫወተው መላኬ ገብሬ ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ክፈቱና ኦርጋኑንም ሳክስፎኑንም ለጊዜው ረስታችሁ ቤዙን ብቻ ተከተሉት። አንዷን ሐረግ እየደጋገመ ሲሄድ በሐረጉ መካከል የሚተወውን ክፍተት አስተውሉ፤ ያ ክፍተት የሙዚቃው አካል ነው። የሮሃ ባንዱ ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮም በ1970ዎቹ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከስንት ዘፋኝ ካሴት ጀርባ ቆሞ ነበር። ያን ዘመን የምናስታውሰው በዘፋኞቹ ስም ነው። በእኔ እምነት ግን ያ ዘመን የሚጨፈርበትን ድምፅ ካገኘባቸው ሰዎች አንዱ ሪኮ ነው፤ ስሙ ከዚህ የበለጠ ሊነሣ ይገባዋል።

ችክችካን እንውሰድ። በስድስት ስምንተኛ ምት ውስጥ ያሉት ስድስት ትንንሽ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ይከፈላሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ደግሞ በሦስት ይከፈላሉ። ከበሮው ሁለቱንም አቆጣጠር በአንድ ጊዜ ይዞ ይሄዳል። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው በአብዛኛው ቤዙ ነው። የሚወስነውም ባስረዘመውና ባሳጠረው ድምፅ ነው። ድምፁን ሦስቱን ምት ሙሉ ከያዘው ሰውነት በሁለት ይወዛወዛል። በሁለተኛው ትንሽ ምት ላይ ቆርጦ ክፍት ቦታ ከተወ ትከሻ የሚገባበት ቀዳዳ ያገኛል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ይህን በቃል አያስረዳም፤ ቤዚስቱ ሲሳሳት ግን ትከሻው ወዲያው ይነግረዋል።

ቅኝትም የራሱ ግዴታ አለው። የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ቤዝ ለሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚያስተምሩት ከመነሻው ኖታ ወደ አምስተኛው መመላለስ ነው። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ይህ ይሠራል። አንቺሆዬ ላይ ግን ይፈርሳል። አንቺሆዬን ከሲ ብንነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው፤ መጽሐፉ የሚያዘን ጂ በውስጡ የለም። ቤዚስቱ ከልማድ ጂ ሲመታ ዘፋኙ ከያዘው ጂ ፍላት ጋር ይጋጫል፤ የቅኝቱ መዓዛም ይጠፋል። ከመነሻው ወደ ኤፍ፣ ከዚያ ወደ ላይኛው ሲ መሄድ ይሻላል። እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው ቁጭ ብሎ ዘፈኑን በጆሮ በመልቀም ነው፤ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም።

አሁን ወደ ዕቃው። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ የሚወጣው ለጊታሩ ለራሱ ነው። የአዲስ አበባ በጋ ደረቅ ነው። እርጥበት ካለበት አገር የመጣ ቤዝ እዚህ ጥቂት ወራት ሲቆይ የአንገቱ እንጨት ይኮማተራል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል፣ የአንገቱ ጉብጠት ይለወጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንደገና ይለወጣል። በአንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ማስተካከል ካስፈለገ ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አታዙሩት፤ አሳድራችሁ እንደገና እዩት። በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ቢል ለአብዛኛው እጅ ይመቻል። እዚያው ፍሬት ላይ ክሩን በቀላሉ ነክታችሁ የሚወጣውን ድምፅ ተጭናችሁ ከምታወጡት ጋር በቱነር አስተያዩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ ብሪጁ ላይ ያለችውን የክሩን ማረፊያ ወደ ኋላ ሳቧት። ባትሪ ያለው ቤዝ ከሆነ ልምምድ ስትጨርሱ ገመዱን ንቀሉ፤ ገመዱ ተሰክቶ ካደረ ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ሲያልቅ ያድራል፣ ድምፁም መድረክ ላይ ይቆራረጣል።

ፔዳልን አልጠላም። ከፔዳል ብዙ ዘመን በፊት በገናችን እንዚራ ነበረው። በክሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ያቺ ቁራጭ ቆዳ ክሩ እንዲነዝር ታደርጋለች፤ በንዝረቱም ዝቅተኛው ድምፅ ከላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይጨመሩለታል፣ ጆሮም በቀላሉ ያገኘዋል። ኦቨርድራይቭ ፔዳል ለቤዝ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። የስልክ ስፒከር 41 ኸርዝን ማውጣት አይችልም፤ ጆሯችን ግን 82ን እና 123ን ሲሰማ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ዘፈናችሁ በስልክ የሚደመጥ ከሆነ ጥቂት ኦቨርድራይቭ ቤዙን ከመጥፋት ያድነዋል። ፔዳሉ ንጹሑን ድምፅ ከተነካካው ጋር የሚቀላቅል ማዞሪያ ቢኖረው ይመረጣል፤ አለበለዚያ የታችኛው ውፍረት ይሳሳል።

ኮምፕሬሰር ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ጎልቶ የወጣውን ዝቅ አድርጎ ቀሪውን ከፍ ስለሚያደርግ ሊያልቅ የተቃረበውን ድምፅም አብሮ ያነሣዋል። መድረክ ላይ ይጠቅማል። ልምምድ ላይ ግን የእጃችሁን አለመስተካከል ይደብቅባችኋል፤ ቤት ውስጥ አጥፉት። ቡትሲ ኮሊንስ በሙ-ትሮን ያሳወቀው ዓይነት ኤንቨሎፕ ፊልተር ካላችሁ ከኮምፕሬሰሩ በፊት አስቀምጡት፤ የሚከፈትና የሚዘጋው በእጃችሁ ጉልበት ስለሆነ ጉልበቱ ቀድሞ ከተደለደለ የሚሠራበትን ያጣል። ኦክታቨርም ንጹሕ ድምፅ ሲገባለት ነው በትክክል የሚከተላችሁ።

አምፕሊፋየርን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ መካከለኛውን ድምፅ ቀንሶ ታችና ላዩን ማብዛት ደስ ይላል፤ ከባንድ ጋር ስትገቡ ግን ያው ድምፅ ይጠፋል። ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ ያለውን ትንሽ ከፍ፣ ከ250 በታች ያለውን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። የሠርግ አዳራሽ ግድግዳው ባዶ ኮንክሪት ከሆነ ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ለስፒከሩም ለአድማጩም ይበጃል። ሁለተኛው፦ 4 ኦም ድረስ ብቻ የሚችል አምፕ ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከር አታያይዙ፤ ጭነቱ 2 ኦም ይሆንና አምፑን ሊያቃጥለው ይችላል።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉና አንዲት ኖታ ብቻ ምረጡ። በምቱ ላይ ጀምሩ፣ በምቱ እኩሌታ ላይ ዝጉ። ግራ እጃችሁን ከፍሬቱ ሳታነሡ ጫናውን ብቻ ላላ ስታደርጉ ድምፁ ይሞታል፤ የቀኝ እጅ አውራ ጣትም የማትጫወቱባቸውን ወፋፍራም ክሮች ይዞ ይቀመጥ። ቀጥሎ ከድራመር ጋር ቁጭ በሉ፤ የእግር ከበሮው ሲመታ ጀምሩ፣ ስኔሩ ሲመታ ልክ እዚያው ላይ አቁሙ። ይህን ያደረገ ባንድ የስኔሩ ድምፅ ምንም ሳይነካ ጎልቶ ይወጣለታል። በስልካችሁ ቅዱትና በማዳመጫ ስሙት። መብራት ሲጠፋ ያለ አምፕ መለማመድም ጥሩ ነው፤ ድምፁ እንዲሰማችሁ ብላችሁ ግን ክሩን አትደብድቡት፤ ያ ልማድ ከእጅ ለመውጣት ጊዜ ይፈጃል።

ስቱዲዮ ለሚገቡት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በፔዳል ያለፈውን ድምፅ ቅረጹ፤ ከጎኑ ግን ከጊታሩ በዲአይ ቦክስ በኩል በቀጥታ የገባውን ንጹሕ ድምፅ ለብቻው በአንድ ትራክ አስቀምጡ። ሚክስ የሚሠራው ባለሙያ ኮምፕሬሰር ያስረዘመውን ድምፅ መልሶ ማሳጠር ይቸግረዋል። ንጹሑ ካለው እጃችሁ ያቆመበትን ቦታ ያያል፣ ከእግር ከበሮው ጋር ያስተካክለዋል፣ ካስፈለገም ፔዳሉን እንደገና ያሳልፈዋል። በካሴቱ ዘመን ትራክ ውድ ነበር፤ ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ተጨማሪ ትራክ ለመክፈት ሳንቲም አይጠየቅም።