የፈረንጅ ጭቃ ቤት

ባለፈው ሰሞን በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከጠረጴዛዬ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ ተመለከተና «ይህ የማን አገር ጎጆ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጣራው ሣር ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ነው፤ የቆመውም በእርሻ መካከል ብቻውን ነው። እንግሊዝ አገር ሰፎክ በሚባለው አውራጃ የሚገኝ የገበሬ ቤት መሆኑን፣ ሰዎችም የዕረፍት ጊዜያቸውን ለማሳለፍ ገንዘብ ከፍለው የሚያድሩበት መሆኑን ብነግረው ከልቡ ሳቀ። «እኔ እኮ የተማርሁት አባቴን ከእንዲህ ያለ ቤት ለማውጣት ነው» አለኝ።

በአነጋገሩ ውስጥ እውነት አለ። ጭስና ቁንጫ በበዛበት ቤት ያደገ ሰው የጭቃ ግድግዳ ሲያይ ትዝታው ጣፋጭ እንዲሆን ማስገደድ አይቻልም። ነገር ግን ፈረንጆቹ ገንዘባቸውን የሚከፍሉት ለድህነት አይደለምና፣ ለምን እንደሚከፍሉ አንባቢ እንዲመለከተው እወዳለሁ።

የቤቱ ስም ፐርተን ግሪን ነው። ዕድሜው ከ700 ዓመት ይበልጣል። የሚያስተዳድረው ላንድማርክ ትረስት የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ይህንን ድርጅት ጆን ስሚዝና ባለቤታቸው ክርስቲያን ስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 አቋቁመውታል። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ለሙዚየም የሚያንሱ፣ ለቤተ ሰብ መኖሪያ የማይመቹ፣ ባለቤቶቻቸው የተዉአቸው ትንንሽ ጥንታዊ ሕንፃዎች በየገጠሩ ሲፈርሱ አዩ። ከለጋሾች በሚገኝ ገንዘብ ማሳደስ፣ ከዚያም ለጥቂት ቀን እያከራዩ በኪራዩ ገቢ ጥገናውን ማካሄድ የሚለውን መንገድ መረጡ። ዛሬ ድርጅቱ 200 ያህል ሕንፃዎች አሉት። በቤቶቹ ውስጥ ቴሌቪዥን አይገባም፤ በየቤቱ ግን እንግዳው ያየውን የሚጽፍበት መዝገብ ይቀመጣል። የዛሬው እንግዳ የቀድሞውን ጽሑፍ ያነባል፣ የራሱንም ይጨምራል።

ወደ ፐርተን ግሪን የሚሄድ ሰው አውቶሞቢሉን ትቶ 360 ሜትር ያህል በእርሻው ላይ በእግሩ መሄድ አለበት። ለጓዙ ማጓጓዣ ግንበኞቻችን ካሪዮላ የሚሉት ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ይሰጠዋል። የለንደን ጠበቃ ሻንጣውን በካሪዮላ እየገፋ ሲሄድ ማሰብ ደስ ያሰኛል።

አሁን ወደ ግድግዳው እንመለስ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ቤት ሲሠራ አናጢው ኦክ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ ገና እርጥብ ሳለ ይጠርበዋል። የአንዱን እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ጠርቦ በሌላው በተቦረቦረ ቀዳዳ ውስጥ ያስገባና በእንጨት ችንካር ያያይዘዋል፤ ሚስማር አያስፈልገውም። አብዛኛውን ጊዜ መላው አጽም በአናጢው ግቢ ተገጣጥሞ ከተሞከረ በኋላ ይፈታና ቤቱ ወደሚቆምበት ቦታ ይወሰዳል። እንጨቶቹ እንዳይለዋወጡም አናጢው የሮማውያንን ቁጥር የመሰለ ምልክት ይፈለፍልባቸዋል፤ ምልክቱ ዛሬም በብዙ ቤቶች ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በቀጭን ዘንግ ይታጠርና፣ ጭቃ ከጭድና ከከብት ፋንድያ ጋር ተረግጦ ይመረግበታል።

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ለእናቴ ባነብላት የምታስተምረኝ እርስዋ በሆነች ነበር! ማገሩ፣ ጭዱ፣ ጭቃውን በእግር መርገጡ የእኛው ነው። ልዩነቱ ያለው ከታች ነው። እነርሱ የምሰሶውን እግር በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ ወፍራም እንጨት ላይ ያቆሙታል። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፉን መሬት ቆፍረን እንቀብረዋለን፤ ምስጥና እርጥበትም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበላዋል። ጓደኛዬን ያስመረረው ቤት የተበላሸው እንግዲህ በጭቃው ምክንያት ብቻ አልነበረም።

እንግሊዞችም ከጥፋት አልዳኑም። በሃያኛው መቶ ዓመት ሲሚንቶ በረከሰ ጊዜ ብዙ ባለቤቶች አሮጌ ግድግዳቸውን በሲሚንቶ ለሰኑት። ጭቃና ኖራ እርጥበትን ይቀበላሉ፣ መልሰውም ለነፋስ ይሰጣሉ። ሲሚንቶ ግን በተሰነጠቀበት በኩል ውሃ ያስገባና መውጫውን ይዘጋበታል። ከውጭ ሲያዩት ግድግዳው ነጭና አዲስ ነው፤ ከውስጥ ግን ብዙ መቶ ዓመት የቆየው እንጨት በጥቂት ዓሥርት ዓመታት እንደ እንጉዳይ ይለሰልሳል። በ1877 ዊልያም ሞሪስና ጓደኞቹ ያቋቋሙት የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ለማሳመር ተብሎ አሮጌውን ከማፍረስ የተጐዳውን ብቻ በተስማሚ ዕቃ መጠገን ይሻላል ብሎ እስከ ዛሬ ያስተምራል። የሲሚንቶው ጥፋት ትምህርቱን ብዙ ሰው እንዲሰማ አድርጎታል።

በእኔ አስተያየት የዕረፍት ኪራዩ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ሰው ስለሚገባበት እሳት ይነድበታል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ የሚያፈሰው ጣራ በወቅቱ ይታያል። ሣር ከዳኙና ኖራ ለሳኙም ሥራ አይፈታም፤ ሙያውን ለልጅ ያስተምራል። በገመድ ታጥሮ የሚጐበኝ ቤት ይህን ሁሉ አያገኝም።

ሆኖም የዚህን ነገር ሁለተኛ ገጽታ መሸፈን አልፈልግም። ሀብታሞች ከከተማ እየመጡ የገጠሩን ቤት ለዕረፍት ብቻ ሲገዙት ዋጋው ይወጣል፤ የአገሩ ወጣት ጎጆ የሚወጣበት ያጣል። በዌልስ ጉዳዩ እጅግ ከመክረሩ የተነሣ፣ ከ2023 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቶች በሁለተኛ መኖሪያ ቤት ላይ ከመደበኛው ግብር በላይ እስከ 300 ከመቶ እንዲጨምሩ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ አንድ ወጣት ገበሬ ሊኖርበት የሚፈልገው ቤት ካለ ለእንግዳ ሳይሆን ለእርሱ ይገባል ባይ ነኝ። እንግዳው በካሪዮላ ካልሆነ ወደማይደረስበት ቤት ይሂድ። ፐርተን ግሪንን የምወድደውም ከማንም ቤተ ሰብ እጅ ያልተነጠቀ በመሆኑ ነው።

ይህንን ሁሉ ለጓደኛዬ ስነግረው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጠኝ አዳመጠ። ከዚያም ፎቶግራፉን እንደገና ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ካየ በኋላ፣ ዓምና ከደመወዙ ቈጥቦ የአባቱን ቤት ግድግዳ ዙሪያውን በሲሚንቶ እንዳስለሰነ ነገረኝ። አሁን ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «በክረምቱ ከበስተ ጓሮ በኩል ተሰንጥቋል ብለው ጽፈውልኛል፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ ድፈኑት ብዬ ገንዘብ ልኬአለሁ» አለ።

ገንዘቡ ሥራ ላይ ሳይውል እንዲደውልላቸው ነግሬው ተለያየን።