በቆቦ ቆላ የግጦሽ ቁጥቋጦን በመድኃኒት ስለ ማጥፋት

የቆቦንና የራያን ቆላ የምታስተዳድሩ ሹማምንት፥ መሬትም የያዛችሁ ሁሉ፤ ቁጥቋጦና መጤ አረም የግጦሹን ሣር እንደሚያጠፋ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ፓርቴንየም የበላች ላም ወተቷ ይመርራል። በጎረቤታችን በአፋርም ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻም ዛፍ የአዋሽን ሜዳ ወርሮ ከብቱንም አውሬውንም ከሣሩ አስወጥቷል። ስለዚህ ይመንጠር የሚል ሰው አይነቀፍም። ነገሩ ያለው በመመንጠሪያው መንገድ ላይ ነው።

ገበሬው በጤፍና በስንዴ ማሳ የለመደውን ቱ ፎር ዲ የተባለውን የአረም መድኃኒት በግጦሹ ሁሉ እንርጨው የሚል አሳብ ቢነሣ፥ ሥራው መፍጠኑ እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ሣርን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን ይገድላል እንጂ ክፉውን ከደጉ አይለይም። አረሙን ሲያደርቅ ንብ የምትቀስመውን አበባና ፍየል የምትቀነጥበውን ቡቃያ አብሮ ያደርቃል። አውሬው በመርዙ ባይሞት እንኳ የሚበላውንና የሚጠለልበትን ያጣል። ሚዳቋ ጥላ፥ ቆቅና ጅግራ መሸሸጊያ፥ ጫጩቶቻቸውም የሚለቅሙትን ትል ያጣሉ።

ደግሞም ቆቦ በጎርፍ የሚታረስ አገር ነው፤ ጎሊናና ሆርማት ከተራራው ወርደው ወደ አፋር ይፈሳሉ። እንደ ፒክሎራም ያለው መድኃኒት በአፈር ውስጥ ብዙ ይቆያል፥ ከውኃም ጋር ይሄዳል፤ በላይኛው ግጦሽ የተረጨው የታችኛውን ሰው ሽምብራ ሊያጠፋ ይችላል።

መመንጠር ራሱ ለአውሬ ጠላት እንዳይደለ የሊበን ሜዳ ምስክር ነው። በዚያ ሣሩ በቁጥቋጦ ስለ ተዋጠ፥ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው የሊበን ሎርክ የተባለች ትንሽ ወፍ ልትጠፋ ተቃርባለች። ስለዚህ ሕዝቡ ቁጥቋጦውን በእጁ እየመነጠረ፥ ግጦሹንም እየከለለ ሣሩን ለመመለስ ደክሟል።

እኛም እንዲህ ብናደርግ ይሻላል እላለሁ። ፕሮሶፒስ ከመሬት በላይ ቢቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣልና ተቆፍሮ ከአፈሩ በታች ይቆረጥ። መድኃኒት ግድ ከሆነ በጉቶው ላይ ብቻ ይቀባ። የወንዝ ዳር ዛፍና ትልልቁ ግራር ይተው፤ በየመካከሉም ለአውሬው መጠለያ ይቅር። ቀፎ ያለው ሰው አስቀድሞ ይነገረው።

ይህ መንገድ ጉልበት ይጠይቃል፥ ቀንም ይፈጃል። ሆኖም ጉዳቱ የሚደርሰው በፈራሚው ላይ ሳይሆን በንብ አርቢውና በእረኛው ላይ ነውና፥ የርጭት ወረቀት ከመፈረማችሁ አስቀድሞ ወርዳችሁ መሬቱን እንድታዩ፥ በዚያ የሚኖሩትንም እንድትጠይቁ በትሕትና አሳስባለሁ።