የተፈታ ችግር ዳግም እንዳይፈታ፦ የፕሮግራም ባለሙያዎች መረዳዳት በከሚሴና በአካባቢው

ለዴስክቶፕም ሆነ ለዌብ መተግበሪያ የሚጻፍ ኮድ በመጀመሪያው ሙከራ እንደታሰበው የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛው የባለሙያው ሰዓት የሚያልፈው የተጻፈው ኮድ ለምን እንዳልሠራ በመፈለግ ነው። በዚህ ፍለጋ ውስጥ ከመጽሐፍ ፈጥኖ የሚደርሰው ያንኑ ስህተት ቀድሞ ያየ ሌላ ባለሙያ ነው። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ነገ ደግሞ ተራው ይለወጣል። ያለዚህ መረዳዳት ሙያው አይቆምም።

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በዋና ከተማው በከሚሴና በወረዳዎቹ ለሚሠሩ ባለሙያዎችም ነገሩ ያው ነው። ጥያቄው መልሱ ከተገኘ በኋላ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። በስልክ፣ በቡና ሰዓት ወይም በቴሌግራም መልእክት የተሰጠ መልስ በአብዛኛው እዚያው ይቀራል፤ ከወራት በኋላ ሌላ ባለሙያ ያንኑ ችግር ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈቱ የኮድ ችግሮችን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መርምረው መመዝገብ፣ መዝገቡን ያለ ኢንተርኔትም እንዲነበብ ማድረግና ይህን ሥራ እንደ ምሁራዊ አስተዋጽኦ መቁጠር ይገባቸዋል። ምክንያቱም ከችግሮቹ አንዳንዶቹ ሌላው ዓለም ስለማያውቃቸው መልሳቸውን ከዚያ መጠበቅ አይቻልም።

የቦታው የራሱ ችግሮች

የዞኑ አስተዳደር የሚሠራው በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ነው። የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ደግሞ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ነው። ስለዚህ በከሚሴ፣ በባቲ ወይም በሰንበቴ ላለ መሥሪያ ቤት የሚዘጋጅ የመዝገብ ሶፍትዌር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁለት ፊደላትን መሸከም አለበት። ከዚህ የሚነሱትን ችግሮች በአራት ምሳሌዎች ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የሁዻ ምልክት ነው። በቁቤ አጻጻፍ ቃሉ መካከል የምትገባው ይህች ትንሽ ጭረት በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የጽሑፍ መጨረሻ ምልክት ሆና ታገለግላለች። ኮዱ የተጠቃሚውን ጽሑፍ ከትእዛዙ ጋር በቀጥታ የሚቀጥል ከሆነ ሁዻ ያለበት ስም በገባ ቁጥር ፕሮግራሙ ይሰናከላል። ለችግሩ ሁለት መልስ አለ። አንደኛው «ምልክቱን ከስሙ አውጣው» የሚል ነው፤ ስህተቱ ለጊዜው ይጠፋል፣ የሰውየው ስም ግን ይበላሻል። ሁለተኛው ጽሑፉን ከትእዛዙ ለይቶ በመለኪያ መልክ ማሳለፍ ነው፤ ይህ ስሙንም ይጠብቃል፣ በተንኮል የተጻፈ ትእዛዝ በፎርሙ በኩል ወደ ዳታቤዙ እንዳይገባም በሩን ይዘጋል። ሁለቱም መልሶች በቃል እኩል ይሰራጫሉ፤ የመጀመሪያው አጭር ስለሆነ እንዲያውም ይፈጥናል።

ሁለተኛው የፊደላት ስፋት ነው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የቁቤ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ርዝመትን በባይት በሚቆጥር ዳታቤዝ ውስጥ 30 ባይት የተፈቀደለት የስም ቦታ 30 የቁቤ ፊደላትን ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደላት ከሆኑ ግን የሚበቃው ለ10 ብቻ ነው። የሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ በ10 ፊደል አይጠቀለልም። ሠንጠረዡ ለላቲን ፊደል ብቻ ተዘጋጅቶ ከሆነ ደግሞ የአማርኛው ስም ወደ ጥያቄ ምልክቶች ይለወጣል፤ አንዴ ከተለወጠም ከዚያው መዝገብ ተመልሶ አይገኝም።

ሦስተኛው ፍለጋ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ በንባብ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው። «መሐመድ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «መሀመድ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ በቁቤ ሲፈለግማ ጭራሽ ሌላ ሰው ይሆናል። ውጤቱ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገቡ፣ ወይም የተመዘገበው ሰው «የለህም» መባሉ ነው። «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖችን ይዞ ከውጭ የተቀዳ ፎርም ደግሞ አያትን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም።

አራተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። የማይክሮሶፍት ዶትኔት ለፋርስ፣ ለዕብራውያንና ለታይ አቆጣጠር የተዘጋጁ መሣሪያዎች ሲኖሩት ለኢትዮጵያው አልተዘጋጀለትም። ጃቫ ስክሪፕት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፤ በድረ ገጽ ላይ የሚመጣው የተለመደው የቀን መምረጫ ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው አቋራጭ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ አድርጎ ማስላት ነው። ይህ ሥሌት በአራት ዓመት አንዴ ይስታል። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። በጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ሕፃን በአቋራጩ ሥሌት መስከረም 1 ቀን 2016 እንደተወለደ ይመዘገባል። የአንድ ቀን ስህተት ዓመቱን ሙሉ ይለውጣል፤ ዕድሜ ለትምህርት ቤት ምዝገባ በሚቆጠርበት ጊዜ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ትክክለኛው መንገድ ቀኑን በአንድ ወጥ መለያ ማስቀመጥና ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በተፈተነ ቀመር መለወጥ ነው።

ወንፈልና ወሰኑ

የኢትዮጵያ ገበሬ በወንፈል ሲረዳዳ ዛሬ የተረዳው ነገ በጉልበቱ ይመልሳል። የፕሮግራም ባለሙያዎች መረዳዳትም በዚህ መልክ የሚታይ ነው፤ ጠንካራነቱም ወሰኑም ከዚሁ ይመጣል። ጠንካራነቱ መተማመኑ ነው፤ የሚያውቁት ሰው ሳይታክት ይመልሳል። ወሰኑ ደግሞ የሚያውቁት ሰው ከሌለ እርዳታ አለመኖሩ ነው። ከኮምቦልቻ ወይም ከአዲስ አበባ ተመርቆ የወጣ ባለሙያ የክፍል ጓደኞች አሉት። በደዌ ሃረዋ ወረዳ ብቻውን የተመደበ ወይም በራሱ ጥረት የተማረ ወጣት ግን ማንን ይጠይቃል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር በኢንተርኔት የሚማሩ ወጣቶች ወደ ሥራው ሲገቡ ይኸው ጥያቄ በብዙ እጥፍ ይነሳል። ሥልጠናው መሠረቱን ይሰጣል፤ ከሥልጠናው በኋላ ለሚመጣው ስህተት የሚደርሰው ግን የሙያ ጓደኛ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። እርዳታ ጠያቂው ብዙ ጊዜ የኮምፒውተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይልካል። በፎቶው ላይ ስህተቱ ብቻ ሳይሆን የእውነተኛ ሰዎች ስም፣ የስልክ ቁጥርና የጤና ወይም የገቢ መረጃ አብሮ ሊወጣ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ልማድ ጨዋነት የማጣት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታይም፤ የሕግ ጥያቄም ይሆናል። ምሳሌውን በተፈጠረ መረጃ ለውጦ የሚያቀርብ ሥርዓት ያለው መዝገብ ይህን ያስቀራል።

የተጻፈ ጥረት የት ያደርሳል?

የተጻፈ መረዳዳት ምን ሊያፈራ እንደሚችል የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ያለፈበት ታሪክ ያሳያል። ኮምፒውተር የግዕዝን ፊደል በማያውቅበት ዘመን በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፊደልና የመክተቢያ ስልት ይሠሩ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደላት የሚወክለው «ሴራ» የተባለው ስልት በጽሑፍ የወጣ፣ ማንም ሊያነበውና ሊሠራበት የሚችል ስምምነት ነበር። የብዙዎች የጽሑፍ ክርክርና ጥረት ተጠራቅሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዛሬ በከሚሴ ያለ ስልክ አማርኛ የሚጽፈው በዚያ መሠረት ላይ ነው። እያንዳንዱ የራሱን መፍትሔ በመሳቢያው ቢይዝ ኖሮ ይህ የጋራ መሠረት ባልተጣለ ነበር።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

«ፕሮግራም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መመዝገብ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። የኮዱ ቃላት በእርግጥ እንግሊዝኛ ናቸው። ችግሩ ለምን እንደተፈጠረ የሚገልጸው ሐተታ ግን የሰው አስተሳሰብ ነው፤ ሰው ደግሞ በሚያስብበት ቋንቋ ሲያነብ በፍጥነት ይረዳል። ስለ ሁዻ ወይም ስለ ጳጉሜን የሚያስረዳ ጽሑፍ ከማንም በፊት የሚያስፈልገው በእነዚህ ቋንቋዎች ለሚሠራው ነው። የስህተቱ ቃል በእንግሊዝኛው ሳይለወጥ ተቀምጦ ማብራሪያው በአገር ቋንቋ ቢጻፍ ሁለቱም ይገኛሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉንም ይመልሳል» የሚል ነው። መሣሪያው በብዙ ጉዳይ እንደሚረዳ መካድ አይቻልም። ነገር ግን የሚያውቀው ቀድሞ የተጻፈውን ነው፤ ያልተጻፈውን የከሚሴ ችግር ከየትም አያመጣውም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የፕሮግራም ጥያቄና መልስ ማከማቻ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው በቻትጂፒቲ የተጻፉ መልሶችን ለጊዜው ያገደው ትክክል እየመሰሉ የተሳሳቱ መልሶች ስለበዙበት ነበር። የሚመረምር ባለሙያ ያለበት መዝገብ ለሰውም ለመሣሪያውም ምንጭ ይሆናል።

ሦስተኛው «ሁሉም በኢንተርኔት አለ» የሚለው ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር እዚህ የሚሠራ ባለሙያ አይረሳም። በኢንተርኔት ብቻ የሚኖር እውቀት መስመሩ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል። መሥሪያ ቤቱ ግን በዚያም ወቅት ባለጉዳይ ያስተናግዳል።

ምን ይደረግ?

ለዚህ ሥራ ቅርብ የሆኑት ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በሥሩ ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እና በደቡብ በኩል ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ወጪ ትንሽ ነው። መዝገቡ በተራ የጽሑፍ ፋይሎች ተጽፎ ለውጡ ሁሉ በጊት ሊጠበቅ ይችላል፤ በፍላሽ ተቀድቶም ወደየወረዳው ይደርሳል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የስታክ ኦቨርፍሎውን ክምችት ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ ከእርሱ ጎን የአካባቢው መዝገብ ሊቀመጥ ይችላል።

ለጥያቄ አቀራረቡ የሚሆን አርአያ በዞኑ ምሥራቅ፣ በጎረቤቱ በአፋር ሕዝብ ዘንድ አለ። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚወጣው አፋር በመንገድ ከሚያገኘው ሰው ጋር በዳጉ ወግ ወሬ ሲለዋወጥ ያየውን ከሰማው ይለያል፣ ቦታውንና ጊዜውን ይጠቅሳል፤ አድማጩም እስኪጠራለት ይጠይቃል። የተሟላ የኮድ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ምን ለማድረግ ታስቦ ነበር? ምን ታየ? የስህተቱ ቃል በትክክል ምን ይላል? ሶፍትዌሩ የትኛው ቨርዥን ነው? እስካሁን ምን ተሞከረ? መልሱም መፍትሔውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንና የማይሠራበትን ሁኔታ መናገር አለበት፤ በሌላ ባለሙያ ተሞክሮ ካልተረጋገጠም ወደ መዝገቡ መግባት የለበትም።

የመጨረሻው ጉዳይ ዋጋው ነው። መልስ መጻፍና መመርመር ጊዜ ይወስዳል፤ መምህሩም የድኅረ ምረቃ ተማሪውም የሚመዘኑት በሌላ ነገር ከሆነ በጎ ፈቃድ ብቻውን አያዘልቅም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን አስቀምጦታል። የተመረመረ የመፍትሔ መዝገብ ከዚህ አገልግሎት ሊቆጠር ይገባል። የማስተርስ ተማሪ ለመመረቂያው በሠራው ሶፍትዌር ላይ የገጠሙትን ችግሮች በመዝገቡ እንዲያሰፍር ቢጠየቅ፣ በየዓመቱ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጠው ጥራዝ ቢያንስ ጥቂቱ ገጽ በሚቀጥለው ሳምንት በሥራ ላይ ይውላል።

የስም መጻፊያ ሣጥን፣ የልደት ቀን፣ አንዲት የሁዻ ጭረት ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ። ከጀርባቸው ግን በመስኮቱ ፊት ቆሞ «ስምህ የለም» የሚባል ባለጉዳይ አለ። ችግሩን አንድ ባለሙያ አንዴ ፈትቶት ከነበረና መልሱ ባለመጻፉ ብቻ ሰውየው ከተመለሰ፣ ጥፋቱ የኮዱ ነው ማለት አይቻልም።