እማማ መኪና አይነዱም፤ ባቡር ግን መሳፈር ይችላሉ

ምግብ ቤቴ ውስጥ ከሽሮና ከክትፎ ቀጥሎ የምሰማው ነገር ምን መሰላችሁ? «ማን ያደርሰኛል?» የሚለው ነው። ከሀገር ቤት የመጡ እናትና አባቶቻችን፣ ላይሰንስ ገና ያላወጡ አዲስ ገቢዎች፣ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጆቻችን፣ ሁሉም የሰው መኪና ጠባቂ ናቸው። ሳንሆዜ ያሉ እናት ኦክላንድ ለቅሶ ለመድረስ ልጃቸው ከሥራ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። ልጅየው 880 ፍሪዌይ ላይ ሲንፏቀቅ ይመሻል። በሚቀጥለው ጊዜ እናት «ኧረ ተዉኝ፣ አላስቸግራችሁም» ብለው ይቀራሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤት መዋል ልማድ ይሆናል፤ ሰውነትም መንፈስም ይደክማል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ባቡር ላውራችሁ። ባቡር ለእኛ አዲስ አይደለም። የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። «ለገሃር» የምንለው ስምም ፈረንሳዮች ጣቢያን ከሚጠሩበት ቃል የቀረ ነው። እዚህ ደግሞ ኦክላንድንና ሳንሆዜን የሚያገናኘው ካፒቶል ኮሪደር ይባላል፤ ሥራ የጀመረው በ1991 ነው። ልጆች፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ካሊፎርኒያ ዋና ከተማዋን እየቀያየረች ነበር። መጀመሪያ ሳንሆዜ ነበረች፤ ከ1854 ጀምሮ ግን ሳክራሜንቶ ሆነች። ባቡሩ ሁለቱን ስለሚያገናኝ ነው እንዲህ የተባለው። ስለዚህ ከሳንሆዜ ወደ ኦክላንድ ስትመጡ ባቡሩ ላይ «ሳክራሜንቶ» ወይም «ኦበርን» የሚል ብታዩ አትደንግጡ፤ መንገዱ ያው ነው።

አሁን ጣቢያዎቹን በተራ እንያቸው። ከኦክላንድ ጃክ ለንደን ሳንሆዜ ዲሪዶን ለመድረስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

ጃክ ለንደን፦ ሠራተኛና መጠበቂያ አዳራሽ ያለው ትልቅ ጣቢያ ነው። ባርት ግን እዚያው አይገኝም፤ የቅርቡ ሌክ ሜሪት ሲሆን በእግር ይኬዳል። እዚህ ሰፈር ባቡሩ መንገድ ላይ ከመኪና ጎን ለጎን ስለሚያልፍ የልጆችን እጅ ያዙ። ጣቢያው በሲ. ኤል. ዴለምስ ስም ተሰይሟል፤ ሐውልቱም እዚያው አለ። ዴለምስ የባቡር መኝታ ክፍል አስተናጋጆች የነበሩ ጥቁር ሠራተኞችን ማኅበር እዚህ ኦክላንድ የመራ ሰው ነው። ማኅበሩ በ1925 ተመሠረተ፤ ከፑልማን ኩባንያ ጋር ውል የተፈራረመው በ1937 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ታገሉ ማለት ነው። ልጆቻችሁን ስታሳልፉ አንድ ደቂቃ ቆማችሁ አሳዩዋቸው።

ኮሊሲየም፦ ለመቀያየር በጣም የሚመቸው ይሄ ነው። በእግረኛ ድልድይ ተሻግራችሁ ባርት ትገባላችሁ። ከባርቱ ጣቢያም በ2014 የተከፈተው ትንሽ ባቡር ኦክላንድ ኤርፖርት ያደርሳችኋል። ከሳንሆዜ መጥቶ ከኦክላንድ የሚበር እንግዳ ካላችሁ መንገዱ ይሄው።

ሄይዋርድና ፍሪሞንት፦ እዚህ ጋ ልብ በሉ! ስሙ አንድ፣ ቦታው ሁለት ነው። የባርቱ ፍሪሞንትና የዚህ ባቡር ፍሪሞንት የተለያዩ ጣቢያዎች ናቸው፤ በመካከላቸው በእግር የማይሞከር ርቀት አለ። ባቡሩ የሚቆመው ሴንተርቪል በሚባለው ሰፈር ነው። ሄይዋርድም እንደዚሁ ሁለት ነው። እማማን «ፍሪሞንት እጠብቅዎታለሁ» ካላችኋቸው የትኛው ፍሪሞንት እንደሆነ ንገሯቸው።

ሳንታ ክላራ፦ ይቺም ሁለት ናት። ግሬት አሜሪካ የሚባለው ከሊቫይስ ስታዲየም አጠገብ ነው፤ እዚያ የቪቲኤን የከተማ ባቡር ታገኛላችሁ። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ጋ ነው፤ ከእሱ ወደ ሳንሆዜ ኤርፖርት የሚሄድ 60 ቁጥር አውቶቡስ አለ፤ ካልትሬንም እዚያ ይቆማል።

ዲሪዶን፦ የሳንሆዜ ዋና ጣቢያ ነው፤ ሕንፃው ከ1935 ጀምሮ አለ። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄደው ካልትሬን ከ2024 ወዲህ በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የቪቲኤ ባቡርና አውቶቡሶችም እዚያው ናቸው።

ሁለተኛ መንገድም አለ፤ እሱም ባርት ነው። ከ2020 ጀምሮ እስከ ሳንሆዜ ቤሪዬሳ ይደርሳል። ባርት ቶሎ ቶሎ ስለሚመጣ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይደርሳል። ካፒቶል ኮሪደር ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፤ ኦክላንድ ደርሶ የሚመለስም አለ። የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም ሰዓት ሳታዩ አትውጡ። በሌላ በኩል መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ሽንት ቤት አለው፤ ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ትኬት፦ ለካፒቶል ኮሪደር የአምትራክ ትኬት ቁረጡ። ለባርት፣ ለካልትሬንና ለቪቲኤ ክሊፐር ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። 65 ዓመት የሞላው ሰውና ከ5 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ የራሱን ክሊፐር ካርድ ካወጣ በቅናሽ ይሳፈራል። አውጡላቸው እንጂ፣ መብታቸው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ልጆች። አያቶቻችሁ ሰዓት የሚቆጥሩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙ ላይ ጠዋት 8:10 ቢል ለእነሱ 2 ሰዓት ከ10 ማለት ነው። «8 ሰዓት» ካላችኋቸው ከምሳ በኋላ ይመስላቸዋል፣ ባቡሩም ይሄዳል። ስለዚህ በካርቶን ላይ በትልቁ ጻፉላቸው፦ የሚወርዱበትን ጣቢያ ስም በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የእናንተን ስልክ ቁጥር፣ ከመውረጃቸው በፊት ያለውንም ጣቢያ። «ኮሊሲየም ሲደርስ ይዘጋጁ፣ የሚቀጥለው የእርስዎ ነው» የሚል አንድ መስመር ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ወላጆች ደግሞ እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁ ሂዱ። በሁለተኛው እነሱ ይምሩ፣ እናንተ ተከተሉ፤ ቢሳሳቱም ቶሎ አትናገሩ፣ ይዩት። በሦስተኛው አንዱ ያሳፍራቸው፣ ሌላው መድረሻው ላይ ይጠብቃቸው። ከዚያ በኋላ «ማን ያደርሰኛል?» ቀርቶ «ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?» ሲሉ ትሰማላችሁ። እሁድ ማታ ስለ ሰኞ ለቅሶ ሲሰሙም ነጠላቸውን አጥፈው ያድራሉ፤ የማንንም ሽፍት አይጠብቁም።

ለወሩ በቸር ያድርሰን።