እስኪጠራ ድረስ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉ አባቶቻችን ተርተዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚቀነባበረው የዛሬው ሐሰት እስኪነጋ አይታገሥም።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 በስሎቫኪያ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አንድ የፓርቲ መሪ ከጋዜጠኛ ጋር ምርጫውን ስለ ማጭበርበር ሲመክር የሚያሰማ ቅጂ ተሠራጨ። ሁለቱም ሐሰት ነው አሉ፤ ነገር ግን ወቅቱ ቅስቀሳ በሕግ የሚታገድበት ስለ ነበረ በሰፊው ማስተባበሉ አስቸጋሪ ሆነ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 የፕሬዚዳንት ባይደንን ድምፅ የሚመስል ጥሪ በኒው ሃምፕሸር በሺህ ለሚቆጠሩ መራጮች ተደውሎ፣ በቅድመ ምርጫው እንዳይሳተፉ መከራቸው። ጥሪውን ያስደረገው ሰው በኋላ 6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። እውነቱ ጠራ፤ የጠራው ግን ስልኩ ከተደወለ በኋላ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ማታ በቴሌግራም ወደ መኝታ ክፍላችን የገባች አንዲት ቅጂ «እገሌ የእገሌን ወገን ሰደበ» ብታሰኝ፣ ሲነጋ የሚጠራው እውነት በሌሊት የተፈነከተውን ራስ አይጠግንም።

በሥዕሉ ላይ ጣት ቍጠሩ የሚለው ምክር አርጅቷል፤ መሣሪያዎቹ ስሕተታቸውን ከዓመት ወደ ዓመት እያረሙ ነውና። ስለዚህ ከመልኩ ይልቅ ምንጩን እንመርምር። መጀመሪያ ያወጣው ማን ነው? መቼና የት ተቀረጸ? ከፊቱና ከኋላው የተቈረጠ አለን? በቦታው የነበረ ሌላ ምስክር ይገኛልን? ለእነዚህ መልስ የሌለው ቅጂ ከእጃችን አይለፍ።

«እንግዲያስ ምንም አንመን» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህም ሌላ ወጥመድ ነው። ሁሉ ሐሰት ነው ከተባለ፣ በእውነተኛ ቅጂ የተያዘ በደለኛም «የማሽን ሥራ ነው» ብሎ ያመልጣል። የምንሻው ማስረጃን መመርመር እንጂ ማስረጃን መናቅ አይደለም።

ስለዚህ ማኅበራችን ምንጩ ባልታወቀ ቅጂ ማንም ተማሪ ወይም መምህር እንዳይወገዝ፣ የተከሰሰውም አስቀድሞ ቃሉ እንዲሰማ ይወስን ዘንድ እንጠይቃለን። መምህራኖቻችንም ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የማስረጃ አመራመርን ለማስተማር ጥቂት ሰዓት ቢመድቡ ታላቅ ውለታ ይሆናል። እኛም እያንዳንዳችን ቅጂውን ለሌላው ከማስተላለፋችን በፊት «ከየት መጣ?» ብለን እንጠይቅ።