ምላሱን ከልክሎ ዜማውን ማወደስ

ፍላሜንኮ በተነሣ ቁጥር አንድ ቃል አይቀርም፤ «ደም»! ኺታኖው ጊታሩን የሚመታው፣ ሴቲቱም መድረኩን በተረከዟ የምትደበድበው ደማቸው ውስጥ ስላለ ነው ይባላል። በእኛም አገር ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ ይኸው ነገር ከፈረንጅ እየተቀዳ ሲጻፍ ደጋግሜ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው «ጂፕሲ» ከሚለው ስም ይነሣና «ዘላን»፣ «ነፃ መንፈስ»፣ «ቋንቋቸው ምስጢር» እያለ ይወርዳል። በመጨረሻም እሳት ዙሪያ አስጨፍሯቸው ይሰናበተናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይኸ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ሙገሳ ሐሰት ብቻ ሳይሆን በደልም ጭምር ነው ባይ ነኝ። «ደም» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸፍናል፤ አንደኛው ሕግ ነው፣ ሁለተኛው ሥራ ነው።

ከሕጉ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሮማ የሚባለው ሕዝብ በዛሬዋ ስፔን ምድር መጀመሪያ የተመዘገበው በ1425 ነው። «የትንሿ ግብጽ ኮንት ነኝ» ላለ ዮሐንስ ለተባለ ሰው የአራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ አምስተኛ የይለፍ ወረቀት ሰጠው። ስፓኞች «ኺታኖ»፣ እንግሊዞችም «ጂፕሲ» የሚሉት ቃል ከዚሁ ከግብጽ ስም የመጣ ነው። ሰዎቹ ግን ግብጻውያን አልነበሩም። አመጣጣቸው ከሕንድ መሆኑን የመሰከረላቸው ቋንቋቸው ነው። ሮማኒ የሚናገር ሰው «የክ፣ ዱይ፣ ትሪን፣ ሽታር፣ ፓንጅ» ብሎ ይቆጥራል፤ ሂንዲ ተናጋሪው «ኤክ፣ ዶ፣ ቲን፣ ቻር፣ ፓንች» ይላል። ዝምድናውን ለማየት የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የይለፉ ዘመን አልቆየም። በ1492 አይሁድን ከአገር ያባረሩት ፈርዲናንድና ኢዛቤላ በ1499 ወደ ኺታኖዎች ዞሩ። በስድሳ ቀን ውስጥ ቋሚ ሥራ ወይም ጌታ ያላገኘ ከአገር ይውጣ፣ እምቢ ያለ መቶ ይገረፍ፣ ከደገመም ጆሮው ይቆረጥ ብለው አወጁ። በ1633 ፊሊፕ አራተኛ ልብሳቸውን፣ ቋንቋቸውን፣ በአንድ ሰፈር ተሰብስበው መኖራቸውን፣ ስማቸውን ጭምር ከለከለ። በሐምሌ 1749 መጨረሻ ደግሞ በማርኪስ ደ ላ ኤንሴናዳ ጠንሳሽነት በመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ታፈሱ፤ የተያዙት ከ9,000 እስከ 12,000 ይደርሳሉ ተብሎ ይገመታል። ወንዶቹ ከልጅ እግሮቹ ጀምሮ ለባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያዎች ጉልበት ሥራ ተላኩ፤ ሴቶቹ ከሕፃናቱ ጋር ሌላ ቦታ ተዘጋባቸው። ወንድና ሴት የተለያዩት በአጋጣሚ አልነበረም፤ ዘር እንዳይተኩ ነው። የመጨረሻዎቹ የተለቀቁት በ1760ዎቹ አጋማሽ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ከታፈሱት ብዙዎቹ «ዘላን» አልነበሩም። በየከተማው ቤት ይዘው፣ ብረት እየቀጠቀጡና እንስሳት እየሸጡ የሚኖሩ ነበሩ። ወታደሩ በቀላሉ የያዛቸውም አድራሻቸው ስለሚታወቅ ነው! መንግሥት «አርፋችሁ ተቀመጡ» ያላቸው ትእዛዙን ስላከበሩ ታሰሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው «ነፃ መንፈስ» የሚለውን ሐረግ እንዴት አድርጎ በብዕሩ እንደሚያወጣው አይገባኝም።

ከዚያ በ1783 ካርሎስ ሦስተኛ መጣ። የእርሱ አዋጅ ለዘብ ያለ ነው ይባልለታል። ኺታኖ የሚባሉት በመነሻም በተፈጥሮም የተለዩ አይደሉም፣ እንደማንኛውም ተገዢ በፈለጉት ሙያ ይሰማሩ ይላል። መልካም! ግን እንደማንኛውም ተገዢ ለመሆን አለባበሳቸውንና ቋንቋቸውን እርግፍ አድርገው መተው አለባቸው። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። የ1499ኙ ጆሮ ይቆርጥ ነበር፤ የ1783ቱ «ስትናገር አልስማህ» አለ።

የዚህ ሁሉ ውጤት ካሎ የሚባለው ነው። ስሙ «ጥቁር» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ ራሳቸውን የሚጠሩትም «ካሌ» ብለው ነው። ካሎ ሙሉ ሮማኒ አይደለም። የሮማኒ ቃላት በስፓኒሽ ሰዋስው ላይ ተቀምጠው የቀሩበት ንግግር ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፍራንኮ በሞተ ማግስት፣ በ1976፣ ገጣሚው ኾሴ ኤሬዲያ ማያ የጻፈውና ማሪዮ ማያ በጭፈራ ያቀናበረው ሥራ ግራናዳ ላይ ለመድረክ በቃ። ርዕሱ «ካሜላሞስ ናኬራር» ይላል፤ «መናገር እንፈልጋለን» ማለት ነው። የመጀመሪያው ቃል ሥሩ «ካም» የሚለው የሮማኒ መውደድና መፈለግ ነው፤ ብዙዎቻችን «ካማሱትራ» በሚል መጽሐፍ ስም የምናውቀው የሳንስክሪት ቃል ዘመድ ነው። «አሞስ» የሚለው ጅራት ግን ስፓኒሽ ነው። ሁለተኛውም ቃል እንዲሁ፤ ሥሩ የእነርሱ፣ መጨረሻው የስፔን። በዚያ ትርኢት ላይ ከላይ የጠቀስኳቸውን መሰል አዋጆች ከመድረክ እየተነበቡ፣ በየመካከላቸው እየተዘፈነና እየተጨፈረ ነበር።

«ካሎ የሌቦች ቋንቋ ነው» የሚሉ አሉ። በስፓኒሽ ራሱ ቃሉ ለወሮበላ ንግግር መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ለመሆኑ በአደባባይ የሚያስቀጣ ቋንቋ የት ይነገር ኖሯል? በሹክሹክታ ነዋ! መጀመሪያ ይከለክሉታል፣ ተደብቆ ሲነገር ደግሞ «ለምን ተደበቀ? ሌባ ቢሆን ነው» ይሉታል። የሚገርመው ዛሬ የማድሪድ ተማሪ ጓደኛውን «ቻባል» ሲለው፣ ሥራ መሥራትን «ኩራር» ሲል፣ መጥፎውን ነገር «ቹንጎ» ሲለው የሚናገረው ያንኑ «የሌባ ቋንቋ» ነው። አንድም ሰው ፖሊስ ሲጠራበት አይታይም።

ከከልካዮቹ ቀጥለው የመጡት ወዳጆቹ ደግሞ የባሱ ናቸው። ጆርጅ ቦሮው የተባለ እንግሊዛዊ መጽሐፍ ቅዱስ ለማሠራጨት ስፔን ገብቶ በ1837 የሉቃስን ወንጌል በካሎ አሳተመ። በ1841 ባወጣው መጽሐፉ ስለ ኺታኖ ወዳጆች ይነግረናል። እነዚህ የአንዳሉሲያ ሰዎች የኺታኖን ነገር ከመውደዳቸው የተነሣ በካሎ «የኺታኖ ግጥም» እየፈበረኩ ያዞሩ ነበር። በዘመኑ የታተሙ የካሎ መዝገበ ቃላትም ከእውነተኛው ጋር የተፈበረከ ቃል ተቀላቅሎባቸዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ባለቤቱ እንዳይናገረው ተከለከለ፣ ጌታው በትርፍ ሰዓቱ ፈጠረለት፣ ተመራማሪውም ጌታው የፈጠረውን መዘገበ። «ምስጢራዊው ቋንቋ» ከሚባለው ስንቱ ከኺታኖ አፍ እንደወጣ፣ ስንቱ ከወይን ጠጅ ጠረጴዛ እንደተነሣ መለየት የዛሬ ሊቃውንት ዕዳ ሆኗል።

አሁን ወደ ሥራው ልለፍ። የፍላሜንኮ ስልቶች «ፓሎ» ይባላሉ። ሲጊሪያ፣ ሶሌአ፣ ቶና፣ ቡሌሪያ፣ አሌግሪያስ እያለ ይቀጥላል። ማርቲኔቴ የሚባለው ያለ ጊታር ይዘፈናል፤ ስሙም የአንጥረኛ መዶሻን ያስታውሳል፤ በመድረክ ላይ ብረት እየተመታ የሚዘፈነውም ለዚህ ነው። የእነዚህን ስልቶች ረቂቅነት በደም ማስረዳት የሚፈልግ ሰው እስቲ በእጁ ያጨብጭብ። ሶሌአ አሥራ ሁለት ምት አለው። ጭብጨባው የሚጠብቀው በሦስተኛው፣ በስድስተኛው፣ በስምንተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ ሁለተኛው ላይ ነው። ሲጊሪያም ያንኑ አሥራ ሁለት ይዞ ነው፤ ነገር ግን ዙሩን የሚጀምረው ከስምንተኛው ነው። በዚህ የተነሣ አካሄዱ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ይሆንና አድማጩን ያነክሰዋል። ይህን ሳይሳሳቱ፣ በዚያ ላይ ዘፋኙ ዜማውን ሲያጓትተው ሳይጠፋባቸው መከተል ከልጅነት ጀምሮ ታላላቆችን ከማዳመጥና ከመደጋገም የሚመጣ ነው። ማንም ይዞት አይወለድም። «ደሙ ውስጥ አለ» ስንል ልፋቱን ነው የምንነጥቀው።

የፓሎዎቹ ስምም የሚመሰክረው ስለ ደም አይደለም። ማላጌኛ የማላጋ፣ ግራናይና የግራናዳ ነው፤ ታራንታ ከምሥራቁ የማዕድን ቆፋሪዎች አካባቢ ነው፤ ጓኺራ ከኩባ የተመለሰ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲጊሪያን በማዜም ስመ ጥር የነበረው ሲልቬሪዮ ፍራንኮኔቲ የጣሊያናዊ ልጅ ነው። አንቶኒዮ ቻኮን ኺታኖ አልነበረም፤ ፓኮ ደ ሉሲያም አልነበረም። ማኑኤል ቶሬ፣ ፓስቶራ ፓቮን፣ ካማሮን ደግሞ ኺታኖዎች ናቸው። ማኑኤል ደ ፋያና ጋርሲያ ሎርካ በ1922 ግራናዳ ላይ የዘፈን ውድድር ሲያዘጋጁ «ንጹሑን» ፍለጋ ብለው በሙያው የሚተዳደሩትን ከተወዳዳሪነት አገዱ። ሽልማቱም ለአንድ ሽማግሌና ለአሥራ ሁለት ዓመቱ ማኖሎ ካራኮል ደረሰ። ይሁንና ዳኞቹን የመራው ቻኮን ነበር፤ ኺታኖ ያልሆነ፣ ዘፍኖ የሚበላ ባለሙያ! ንጽሕናን የሚፈርድላቸው ሰው ሲፈልጉ ባለሙያውን ጠሩ።

አንቶኒዮ ማይሬናን አከብረዋለሁ። ሊረሱ የነበሩ የቶናና የሲጊሪያ ዜማዎችን አሰባስቦ በድምፁ አቆይቶልናል፤ በ1962 ኮርዶባ ላይ የተሰጠው የወርቅ ቁልፍም ይገባዋል። በ1963 ከሪካርዶ ሞሊና ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ግን የዘፈኑን እምብርት በጥቂት የኺታኖ ቤተሰቦች ጓዳ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ለዘር ሰጠው። ይህ ከአሳዳጆቹ አስተሳሰብ ጋር በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ሰውን በትውልዱ ይለካሉ። በተቃራኒው ወገን ያሉት፣ ኺታኖ የሌላውን ዘፈን ከማቀንቀን በቀር ምንም አላደረገም ባዮች፣ ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። ብላስ ኢንፋንቴ «ፍላሜንኮ» የሚለውን ስም ከዐረብኛ «ፈላሕ መንጉ» ጋር ሊያዛምድ ደክሟል። ስሙ በዚያ መልክ ተጽፎ የተገኘበት አንድ ጥንታዊ ሰነድ ግን አልቀረበም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

«ታዲያ አብዛኛው የፍላሜንኮ ግጥም በአንዳሉሲያ ስፓኒሽ ከሆነ ስለ ካሎ ምን ያስጮህሃል?» የሚል አይጠፋም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ለምን በስፓኒሽ ሆነ? በግጥሞቹ ውስጥ ብቅ የሚሉት ጥቂት ቃላት ናቸው፤ «ኡንዴቤል» እግዚአብሔር፣ «ባታ» እናት፣ «ዱካ» ሐዘን፣ «ሳካይስ» ዓይን፣ «ፓርኔ» ገንዘብ። አድማጩ እነዚህን እንደ ቅመም ያጣጥማቸዋል። እኔ ቤት ሲቃጠል በእጅ የወጡ ዕቃዎች ሆነው ይታዩኛል።

ነገሩ የሩቅ ታሪክ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ አንድ ነገር ልጨምር። ኺታኖዎችን በጥብቅ እንዲከታተል የገጠሩን ፖሊስ፣ ማለትም ሲቪል ጋርዱን የሚያዝዘው ደንብ የተሻረው በ1978 ነው። ያሻረውም በ1977 የመጀመሪያው የኺታኖ ተወላጅ የምክር ቤት አባል ሆኖ የተመረጠው ኹዋን ደ ዲዮስ ራሚሬዝ ኤሬዲያ ነበር። ካማሮን «ላ ሌየንዳ ዴል ትየምፖ» የተባለውን አልበሙን ያወጣው በዓመቱ፣ በ1979 ነው። ማለትም ስሙ በመላ ስፔን ሲጠራ በቆየባቸው ዓመታት ፖሊስ በዘሩ ምክንያት እንዲጠረጥረው ታዝዞ ነበር። ካማሮን በ1950 የተወለደው ሳን ፈርናንዶ ውስጥ ከአንጥረኛ አባት ነው። በ1749 የታፈሱት ወንዶች ከተላኩባቸው መርከብ መሥሪያዎች አንዱ፣ ላ ካራካ፣ የሚገኘው እዚያው ሳን ፈርናንዶ ነው። በ2010 ዩኔስኮ ናይሮቢ ላይ ተሰብስቦ ፍላሜንኮን በሰው ልጅ ቅርስነት ሲመዘግብ ስፔን በደስታ ተቀብላለች። የካሎን ነገር ለማንሣት ግን በዚያ የደስታ ቀን የተቻኮለ አልነበረም፤ በ1783ቱ አዋጅ መሠረት «ኡንዴቤል» ማለት ራሱ ክልክል ነበር።